የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለአጋዘን የቱ ጥይት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ ከአዘዞ ጎንደር ነው የምጽፈው። ታላቅ ወንድሜ ኮሎራዶ ነው የሚኖረው፣ ዘንድሮ ፈቃድ አውጥቶ አጋዘን ሊያድን ነው፣ ጠመንጃው 308 ዊንቸስተር የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ ነው። አባታችን በምንሽር ያደጉ ሰው ናቸውና በስልክ "ድፍኑን (እርሳሱ ጫፉ ድረስ በብረት የተሸፈነውን) ግዛ፣ ያኛው ስጋ ያበላሻል" አሉት፣ ሻጩ ደግሞ ጫፉ እርሳስ የሆነውን ውሰድ ይለዋል። ማንን ይስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባታችሁን እናከብራለን ግን እዚህ ላይ ሻጩን ይስማ። አባታችሁ የሚያውቁት የጦር ሜዳ ጥይት ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. ሄግ ላይ ሰው ገላ ውስጥ የሚዘረጋ ጥይት ለጦርነት እንዳይውል መንግስታት ስለተስማሙ ነው ወታደር ድፍን የሚይዘው። ድፍኑ አጋዘን ላይ ሲያርፍ ብዙ ጊዜ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ በጠባብ ቀዳዳ ይወጣል፣ እንስሳው ቆስሎ ይሮጥና ጫካ ውስጥ ስንት ሰአት ተሰቃይቶ ይሞታል፣ ደሙም ስለማይፈስ ፈለጉ ይጠፋል፣ እኔን ይሄ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ። ጫፉ እርሳስ የሆነው ግን ገላ ሲነካ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል፣ ቶሎ ይጥላል። ኮሎራዶ ላይ እንደውም ህግ ነው፣ ለአጋዘን የሚዘረጋ ጥይት ብቻ፣ ክብደቱም ቢያንስ 70 ግሬን (4 ግራም ተኩል ገደማ)። ለሱ ጠመንጃ 150 ወይ 165 ግሬን ይበቃዋል፣ 10 ግራም ገደማ ማለት ነው።

ስጋ ያበላሻል ያሉት ግን እውነት አለው። ከቅርብ ተተኩሶ ወርች አጥንት ላይ ካረፈ ዙሪያው ደም ይቋጥራል፣ ስለዚ ከወርቹ ኋላ ጎድኑ ላይ ያነጣጥር፣ ልብና ሳንባው እዛው ነው፣ የሚበላ ስጋም ብዙ የለበትም። ሌላው ደግሞ እርሳሱ ሲሰበር ፍንጣሪው በአይን አይታይምና ቁስሉን ዙሪያውን ሰፋ አርጎ ቆርጦ ይጣል፣ ልጆች የሚበሉ ከሆነ እርሳስ የሌለበትን፣ ሙሉ መዳብ ሆኖ የሚዘረጋውን ይግዛ፣ ዋጋው ወደድ ይላል እንጂ አይፈረካከስም። ጥሬውን ደግሞ አደራ እንዳይበላ፣ የዱር ስጋ ነው፣ በደንብ ይጠበስ።

እዚህ ጎንደር ሆናችሁ የምታነቡ ደግሞ ይሄ ለስሜን ተራራ አይሰራም፣ ዋልያ በአለም ላይ ያለው እዛ ብቻ ነው፣ ማንም እንዳይነካው።

ወንድምህ አንድ አይነት ጥይት ሁለት ሳጥን ይግዛ፣ አንዱን 100 ሜትር ላይ ኢላማ ይለማመድበት፣ ጥይት ሲቀየር የሚያርፍበት ቦታም ይቀየራልና።