ዋናው ዲግሪያችሁ የት ነው ያለው?

ውጭ አገር ሄዳችሁ እንግሊዝኛ ለማስተማር ለምታስቡ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል። «ቲቸር፣ ሥራ አገኘሁ! ባሕረ ሰላጤ ነው፤ የግል ትምህርት ቤት። ዋናውን ዲግሪ በዲኤችኤል ላክ ብለውኛል። ልላክ?» አለኝ።

«አትላክ» አልኩት።

ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ሥራው ቢያመልጠኝስ?» አለኝ።

ይቺ ጥያቄ ናት ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ። እኔም በሱ ዕድሜ ይህንኑ ፈርቼ ነው ያለኝን ወረቀት ሁሉ ያስረከብኩት።

ሪያድ የገባሁት በ1994 ዓ.ም. ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ ሰው ገና ሻንጣዬ ሳይወጣ ፓስፖርቴን ተቀበለኝ። «ለኢቃማው ነው» አለኝ፤ ለመኖሪያ ፈቃዱ ማለቱ ነው። ውሸቱን አልነበረም፤ ኢቃማ ያለ ፓስፖርት አይወጣም። በማግስቱ ዲግሪዬንና ትራንስክሪፕቴን ጠየቁኝ። ሰጠሁ። ኢቃማዬ ከአንድ ወር በኋላ ወጣ። ፓስፖርቴ ግን አልተመለሰም። ዲግሪዬም አልተመለሰም።

ጉዳይ አስፈጻሚው ቢሮ ውስጥ አንድ ግራጫ የብረት ካቢኔ ነበር። አንድ ቀን ሲከፍተው አየሁት። ፓስፖርቶቹ በአገር በአገር ተለይተው በላስቲክ ታስረዋል። ግብፆቹ ለብቻ፣ ዮርዳኖሶቹ ለብቻ፣ ፊሊፒኖቹ ለብቻ። እኛ ሐበሾቹ ሁለት ብቻ ስለነበርን ከሱዳኖቹ ጋር ታስረናል። ከሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ደግሞ የሁላችንም ዲግሪ በፋይል ተደርድሯል። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግን ጠዋት ሄጄ ምንም አልጠየቅኩም።

ለምን አልጠየቅኩም? ማንም አላስፈራራኝም። ሙዲሩ፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ማለት ነው፣ ጥሩ ሰው ነበር። በረመዳን ቤቱ ጠርቶ አብልቶኛል። ልጁን አስጠንቼለታለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው «ወረቀቴን መልስልኝ» ማለት «አላምንህም» ማለት መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ስለዚህ ጉዳይ ሰው ሲያወራ ሁልጊዜ ጨካኝ አሠሪ ነው የሚሣለው። እኔ ያየሁት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት የሚወሰደው በፈገግታ ነው። «እንዳይጠፋብህ»፣ «አሠራራችን ነው»፣ «ሁሉም ሰጥቷል» እየተባለ።

በአራተኛው ዓመት ሌላ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ጠራኝ። ደመወዙ እጥፍ ነው። ዋናውን ዲግሪና የሥራ ልምድ ደብዳቤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አቅርብ አሉኝ። ሙዲሩ ጋ ገባሁ። ፈገግታው ያን ቀን አልነበረም። «ውልህ ሲያልቅ ትወስዳለህ» አለኝ። የልምድ ደብዳቤውንም ብጠይቅ፣ «ልትለቅ ነው እንዴ?» አለና ወደ ስልኩ ዞረ። ሁለቱ ሳምንት አለፈ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ውሌን ጨርሼ ስወጣ ፓስፖርቴን የሰጡኝ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው። ዲግሪው በታሸገ ፖስታ ነበር። አውሮፕላን ውስጥ ከፈትኩት። ፋይል ለማድረግ በወረቀት መብሻ በስተውታል። ሁለት ክብ ቀዳዳ። አንዱ የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት ፊርማ መሀሉን በልቶታል። አዲስ አበባ ለማረጋገጫ ስወስደው መስኮት ላይ የነበረችው ልጅ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ በቀዳዳው ውስጥ አየችኝ። «ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

የልምድ ደብዳቤው ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ደጋግሜ ጻፍኩ፤ ዝም። አገር ቤት ስቀጠር እርከኔ የተሠራው እነዚያ አምስት ዓመታት እንዳልነበሩ ተቆጥሮ ነው።

ስለዚህ ስለ ፓስፖርት ብቻ አትጨነቁ የምላችሁ ከዚህ ተነስቼ ነው። ፓስፖርት ከባድ ነገር ነው፤ መንቀሳቀሻችሁ ነው። ግን የሰጣችሁ መንግሥት አለ። ኤምባሲ ሄዳችሁ «አሠሪዬ ያዘብኝ» ብትሉ ቢዘገይም መላ አይጠፋም። የልምድ ደብዳቤ ግን ከዚያው ከከለከላችሁ ሰው በስተቀር ማንም ሊጽፍላችሁ አይችልም። ለአስተማሪ ደግሞ የሚቀጥለው ሥራ የሚገኘው በዚያ ወረቀት ነው። አሠሪዎች ይህን ከእኛ በላይ ያውቃሉ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህን ልማድ ሪያድ አይደለም የተማርነው። ከዚሁ ይዘነው ነው የሄድነው። ዩኒቨርሲቲ ስትጨርሱ የወጪ መጋራት ዕዳችሁን እስክትከፍሉ ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ይዛችሁ ትወጣላችሁ፤ ዋናው ዲግሪ እዚያው ይቀራል። ከዚያ የሚቀጥራችሁ ድርጅት «ኦሪጅናሉን በመያዣ አስገባ» ይላል። መልቀቂያ ስትጠይቁ ሦስት ቢሮ ትመላለሳላችሁ። ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላችሁ የራሳችሁ ወረቀት በሰው መሳቢያ ማደሩ የተለመደ ነገር ይሆንባችኋል። ውጭ አገር ያለው አሠሪ እጁን ሲዘረጋ ታዲያ ምን ይግረማችሁ? እኔን አልገረመኝም ነበር።

ሕጉ ግን ከእናንተ ጋር ነው። ይህን አውቃችሁ ሂዱ። የዓለም የሥራ ድርጅት የግዳጅ ሥራ ምልክቶች ብሎ ከዘረዘራቸው 11 ነገሮች አንዱ የመታወቂያ ሰነድ መያዝ ነው። ሳውዲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔ አሠሪ ፓስፖርት እንዳይዝ ከልክሏል። ይታያችሁ፣ እኔ ከመሄዴ በፊት የወጣ ነው! የአገሩ የሥራ ሕግ አንቀጽ 64 ደግሞ ውል ሲያልቅ አሠሪው የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥና የወሰደውን ሰነድ ሁሉ እንዲመልስ ያዛል። ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣችው የሥራ ሕግም ሰነድ መያዝን ይከለክላል። ኳታር ፓስፖርት በያዘ አሠሪ ላይ እስከ 25,000 ሪያል የሚደርስ ቅጣት አስቀምጣለች። እነዚህን አንቀጾች በስልካችሁ በአረብኛም በእንግሊዝኛም ያዙ። ሙዲር ፊት ሕግ ቆጥሩ እያልኩ አይደለም። መብታችሁ መሆኑን ስታውቁ ግን ድምፃችሁ ራሱ ይለወጣል።

ዋሽንግተንና ሚኒያፖሊስ አድጋችሁ የአሜሪካ ፓስፖርት ይዛችሁ ወደ ቻይና ለምትሄዱትም አንድ ቃል። እዚያ ፓስፖርታችሁ በሕጋዊ መንገድ ከእጃችሁ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ለመኖሪያ ፈቃድ ስታመለክቱ የኢሚግሬሽን ቢሮው ይወስደውና ደረሰኝ ይሰጣል። ደረሰኙ እናንተ ኪስ ውስጥ መሆን አለበት፤ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ አይደለም። የእናንተ ፈተና ስትለቁ ነው የሚመጣው። መልቀቂያና የሥራ ፈቃድ መሰረዣ ካልሰጧችሁ ሌላ ትምህርት ቤት መቀጠር አትችሉም። የቻይና የሥራ ውል ሕግ አንቀጽ 9 ሰነድ መያዝን ይከለክላል፤ አንቀጽ 50 ደግሞ ውል ሲቋረጥ ማረጋገጫ ወዲያው እንዲሰጥ ያዛል። የሥራ ጉዳይ የስልክ መስመሩ 12333 ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ ቻይና ለምታስቡት ግን የከበደ ነገር አለ። እዚያ ለእንግሊዝኛ መምህርነት ፈቃድ የሚሰጠው በአብዛኛው እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ከሆነ አገሮች ለሚመጡ ነው። ደላላ «በቢዝነስ ቪዛ ግባ፣ እዚያ ይቀየራል» ካላችሁ አትመኑት። ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ሊታሰርም ይችላል። እንዲህ የገባ ሰው ወረቀቱን ቢይዙበት ለማን ይከሳል?

ይህ የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ወደ 350 የሚጠጉ የፊሊፒንስ መምህራን አሜሪካ ሉዊዚያና ሄደው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ይሠሩ ነበር። የመለመላቸው ኤጀንሲ ክፍያው ተከፍሎ እስኪያልቅ ፓስፖርታቸውንና ቪዛቸውን ይዞባቸዋል። ተሰባስበው ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 ካሊፎርኒያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት የተሰየሙ የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) 4.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱላቸው። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወደው ገንዘቡን አይደለም። አንድ ላይ መሆናቸውን ነው። እኛ ሪያድ ሳለን ሃያ ምናምን መምህራን ያ ካቢኔ ውስጥ ታስረን እርስ በርስ አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም።

እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ? ከመሄዳችሁ በፊት ዲግሪያችሁን በሚመለከተው የትምህርት መሥሪያ ቤት፣ በውልና ማስረጃ፣ በውጭ ጉዳይና በምትሄዱበት አገር ኤምባሲ አረጋግጡ። የተረጋገጠ ኮፒ ደርባችሁ አውጡ፤ አንድ ስብስብ ለአሠሪው ነው። ሁሉንም ስካን አድርጋችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩ። ለእናታችሁ ወይም ለእህታችሁም ላኩ፤ ስልክ ይጠፋል። ዋናውን ሲጠይቋችሁ እንዲህ በሉ፦ «ዋናውን አሳያችኋለሁ፤ ኮፒውን ትይዛላችሁ።» በቃ ይሄው ነው። ጠብ የለበትም። ቤታችሁ መስታወት ፊት ቆማችሁ ተለማመዱት፤ የምሬን ነው።

ለሕጋዊ ጉዳይ ዋናው መሄዱ ግድ ከሆነ፣ ማን እንደወሰደው፣ በየትኛው ቀን እንደወሰደው፣ መቼ እንደሚመልስ በአንድ ወረቀት ላይ ይፈረም። ወረቀት ካልፈረሙ እዚያው ቆማችሁ ኢሜይል ጻፉ፦ «ዛሬ ፓስፖርቴንና ዲግሪዬን ለእናንተ አስረክቤያለሁ፤ ኢቃማው ሲወጣ እንደምትመልሱልኝ ተነጋግረናል።» ቀኑ እዚያው ይቀራል።

የልምድ ደብዳቤ ደግሞ ስትለቁ አትጠይቁ። በየዓመቱ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ገና ሲወዷችሁ ጠይቁ። «ለባንክ ነው» ማለት አያስፈልግም፤ ውሸት አትጀምሩ። «በየዓመቱ ፋይሌን አሟላለሁ» በሉ። ሁለት ዓመት ሠርታችሁ ሦስተኛው ላይ ብትጣሉ ቢያንስ ሁለቱ እጃችሁ ላይ አሉ። እኔ ይህን ዘዴ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። አብሮኝ የነበረ ሱዳናዊ መምህር ግን እንዲህ ያደርግ ነበር። ሲወጣ አራት ደብዳቤ ይዞ ወጣ።

አሁን ወረቀታችሁ ተይዞ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ጠፍታችሁ አትሂዱ። ከሥራ ከጠፋችሁ አሠሪው «ሁሩብ» (ከሥራ የኮበለለ) ብሎ ያስመዘግባችኋል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ ወደ እናንተ ይዞራል። ፓስፖርት «ጠፋብኝ» ብላችሁ የሐሰት ሪፖርት ማድረግም አይበጅም። በመጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቀን ቁረጡ። ካልሆነ ቆንስላ፣ ከዚያ የሥራ ጉዳይ ቢሮ። ደግሞ ብቻችሁን አትሁኑ። የተያዘበት ሰው አጠገባችሁ አለ።

አገር ቤት ተመልሼ ከዓመታት በኋላ የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆንኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ጸሐፊዋ ቁልፍ ሰጠችኝ። ካቢኔውን ከፈትኩት። የመምህራኖቻችን ዋና ዲግሪዎች በፋይል ተደርድረዋል። እግሬ ከዳኝ፤ ቁጭ አልኩ። ከኔ በፊት የነበሩት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። «መሀል ዓመት ላይ ጥለውን እንዳይሄዱ ነው» አሉኝ።

በሳምንቱ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠርቼ መለስኩ። አንዷ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ዲግሪዋን በሁለት እጇ ተቀብላ «አባረራችሁኝ እንዴ ጋሼ?» አለችኝ። ገባኝ፤ ወረቀት የሚመለሰው ሰው ሲሰናበት ብቻ ነበር። ያን ዓመት መሀል ላይ ጥሎን የሄደ መምህር አልነበረም።

ሦስት ዲግሪ ግን ባለቤት አጣ። ጥለው የሄዱ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱን በስልክ ፈልገን አገኘናቸው፤ አንደኛው ዱባይ ነበር፣ ወንድሙ መጥቶ ወሰደለት። የሦስተኛዋ ስልክ አይሠራም። ዘመድ አላገኘንላትም። ጡረታ ስወጣ ለተተኪዬ በፕላስቲክ ሸፍኜ፣ ስሟን በትልቁ ጽፌበት አስረከብኩት። እስካሁን እዚያው ነው።