ቤንዚን የሚሸተው የጉድጓድ ውኃ

ጥያቄ፦ ከነዳጅ ማደያ ቁልቁል የሚገኘው የግቢያችን ጉድጓድ ከክረምቱ ወዲህ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ባልዲው ላይም ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ይንሳፈፋል። ብናፈላው ይጠራልን? (አንባቢ፣ ከምዕራብ ጎጃም)

መልስ፦ አይጠራም፤ እንዲያውም ማፍላቱ መርዙን ወደ ማድ ቤቱ አየር ያወጣዋል። ውኃውን ለመጠጥም ሆነ ለገላ መታጠቢያ አይጠቀሙበት፤ ጉድጓዱ አፍ ላይም ክብሪት አይጫሩ። በነዳጁ ውስጥ ቤንዝን የሚባል ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገር አለ (ስማቸው ቢመሳሰልም ቤንዚንና ቤንዝን አንድ አይደሉም)፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ብቻ በመሆኑ፣ ቅባቱ ከዓይን ቢጠፋ እንኳ ውኃው ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

ሽታው በክረምት መምጣቱ አያስደንቅም፤ ነዳጅ ከውኃ ስለሚቀል የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ሲል አብሮ ይወጣል፣ በበጋ የሚሰነጣጠቀው ዋልካ አፈርም ቁልቁል መውረጃ ይከፍትለታል። ስለዚህ ጽዳቱ የሚጀምረው ከእርስዎ ጉድጓድ ሳይሆን ከማደያው የነዳጅ ታንከር ነው፤ የሚያፈሰው ታንከር ተራግፎ ከወጣ በኋላ የተበከለው አፈር ይዛቃል፣ ውኃው ላይ የተንሳፈፈው ነዳጅ በፓምፕ ይሳባል፣ የቀረውን ደግሞ አየር ሲነፋላቸው ነዳጅ የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ ያብላሉታል። በዋልካ አፈር አየሩ በቀላሉ ስለማይዘልቅ ሥራው ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ለምርመራ የሚወሰደው የውኃ ናሙና በመስታወት ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቶ፣ አየር ሳይቀርበት ተከድኖ ይላክ፤ አለዚያ ቤንዝኑ በመንገድ ላይ ይተናል።