ቀለሙ አየር ላይ ሲደርቅ

«ጋሼ፣ በመሐል ሜዳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። አክስቴ ከውጭ ስትመጣ ሀሪኬን የተባለውን የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን የፕላስቲክ ሞዴል በ1/72 መጠን አመጣችልኝ። ገጣጥሜ ቀለም ረጨሁት። መርጫዋ ትንሿ የሞዴል መርጫ ናት፤ አየሩን የማገኘው ከጎረቤቴ ጎሚስታ ኮምፕረሰር ነው። ቀለሙ አክሪሊክ ነው፤ ቶሎ እንዲደርቅልኝ በአልኮል አቀጠንኩት። ሲደርቅ ክንፉ አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ። ይሁን ብዬ የግራ ክንፉን ክብ ምልክት በውሃ ነክሬ ለጠፍኩት፤ በማግስቱ ጠርዙ ሥር ብር የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል። ሌላ መለወጫ ምልክት የለኝም። በጋራዥ ቲነር አጥቤ እንደገና ልጀምር ወይስ በላዩ ላይ ልድገምበት?»

ወንድሜ፣ ቲነሩን አትንካው። ሌላውን ምክር ስታነብ ብትቆይ ችግር የለም፤ ይህን ግን ጠርሙሱን ሳትከፍት እንድታውቀው እፈልጋለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ መኪና ስቀባ ዓመታት አልፈዋል፤ ላሜራ ላይ ናይትሮ ቲነር ታማኝ መሣሪያዬ ነው። የሞዴል አውሮፕላን ግን ላሜራ አይደለም፤ ፖሊስታይሪን የሚባል ፕላስቲክ ነው። የመጀመሪያ ሞዴሌን በቲነር በራሰ ጨርቅ አንድ ጊዜ ብቻ ጠረግኩት። በክንፉ ላይ የነበሩት ቀጫጭን መስመሮች ዓይኔ እያየ ጠፉ፤ የጨርቁም ክር ፕላስቲኩ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ክፍሎቹን ያጣበቅህበት የሞዴል ማጣበቂያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሁለቱን ጠርዞች አቅልጦ አንድ ያደርጋቸዋል። ቲነር ክንፉን ሲነካ ያንኑ ሥራ በሙሉ ገላው ላይ ይሠራል።

በላዩ መድገሙም አይሆንም። አሸዋ ላይ ቀለም ብትጨምር የምታገኘው የተቀባ አሸዋ ነው።

ሁለት ችግር ብለህ የጻፍክልኝ በእኔ ዓይን አንድ ችግር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ ላይ የሚተኛውን ውርጭ ታውቀዋለህ። ውርጭ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ቀለም የለውም። ነጭ የሚመስለው በቅንጣቶቹ መካከል አየር ስላለና ብርሃኑ እዚያ እየተሰባበረ ስለሚመለስ ነው። ዲካል የምንለው ተለጣፊ ምልክትም በጠርዙ ዙሪያ ቀለም የሌለው ስስ ሽፋን አለው። ይህ ሽፋን ሻካራ ቀለም ላይ ሲተኛ የሚነካው የጉብታዎቹን ጫፍ ብቻ ነው፤ ጎድጓዳው ሁሉ አየር ይዞ ይቀራል። ብር መስሎ የታየህ ያ አየር ነው። ስለዚህ ዲካሉ አልተበላሸም፤ የተበላሸው ሥሩ ያለው ቀለም ነው።

ቀለሙ ለምን ሻከረ? ክንፉ ጋ ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ ስለደረቀ ነው። ከመርጫዋ አፍ የሚወጣው ጠብታ እርጥብ ሆኖ መድረስ፣ ክንፉ ላይ መዘርጋትና ከጎረቤቱ ጠብታ ጋር መዋሐድ አለበት። በአየር ላይ ከደረቀ ዱቄት ሆኖ ያርፋል። አንተ የምትኖረው ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ነው፤ በበጋ እርጥበቱም ጥቂት ነው፤ የመንዝ ነፋስ ደግሞ አለ። ሦስቱም ፈሳሽን ቶሎ ያተናሉ። በዚያ ላይ አልኮል ጨመርክበት፤ አልኮል ከውሃ ፈጥኖ ይተናል። መርጫህንም መኪና እንደሚቀባ ሰው ርቀህ እንደያዝካት እገምታለሁ። ከቀለሙ ጋር የመጣው መመሪያ ዝቅ ባለና እርጥበት ባለው አገር ላለ ሰው የተጻፈ ነው፤ መሐል ሜዳ ላይ እንደ ወረደ አይሠራም።

ግምቴን ራስህ ፈትሸው። ክንፉን ወደ መስኮት ይዘህ ብርሃኑ በአግድም እንዲመታው አድርግ፤ ከዚያ ጥፍርህን በቀስታ አንሸራትት። ጥሩ ቀለም ዝም ይላል። ደረቅ ሆኖ ያረፈ ቀለም ወረቀት እንደሚፋቅ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ይህን ንቀህ አትለፈው፤ በ1/72 መጠን አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሆነች ቅንጣት በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 7 ሚሊ ሜትር ጠጠር ማለት ናት።

አሁን ወደ ጥገናው። የለጠፍከው ዲካል መነሣት አለበት፤ ሥሩ ሳይስተካከል እሱ አይስተካከልም። የወረቀት ፕላስተር በላዩ ላይ ጫን አድርገህ ለጥፍና ወደ ኋላ አጥፈህ ሳብ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ስትደጋግም ይነሣል። ስለ መለወጫው አታስብ፤ ከታች እመጣበታለሁ።

ቀለሙ ከተረጨ ሁለት ቀን ከሞላው ቁጥር 1500 ከዚያም 2000 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አርሰህ፣ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረህ፣ በቀላሉ ፍቀው። ዓላማህ ቀለሙን መጨረስ ሳይሆን ጉብታዎቹን ማስተኛት ነው። እዚህ ላይ ከጋራዥ ልማዳችን የምትለይበት ነገር አለ። እኛ መኪና ስናለሰልስ ብርጭቆ ወረቀቱን እንጨት ላይ ጠቅልለን ነው፤ ሀሪኬን ላይ ግን በጣትህ ብቻ ያዘው። የዚህ አውሮፕላን የኋላ ገላ ላሜራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1935 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ሀሪኬን ከአብራሪው በስተኋላ የብረት ቱቦ አጽም ነበረው፤ በዚያ ላይ ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ተደርድረው ጨርቅ ለብሰዋል። ጨርቁም ከተልባ ተክል ክር የተሸመነ ነበር፤ እኛ ፍሬዋን ቆልተን የምንወቅጣት ተልባ፣ ለሌላው አገር በግንዷ አውሮፕላን አለበሰች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የጤፉንና የተልባውን ማሳ በሌላ ዓይን አየዋለሁ። በሞዴልህ ጎን ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱት ስስ ጉብታዎች እነዚያ ዘንጎች ናቸው። እንጨት ይዘህ ብትፍቃቸው ጠፍተው ይቀራሉ፤ አውሮፕላኑም ሌላ አውሮፕላን ይሆናል። ርዝመታቸውን ተከትለህ እንጂ አቋርጠህ አትፈግፍግ።

በጉብታዎቹ መካከል ብርጭቆ ወረቀት የማይደርስበት ሻካራ ካለ ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮልና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃሃል፤ አክሪሊክ ይለሰልስና ይነሣል፣ ፕላስቲኩ አይጎዳም። ግልጹን የአብራሪ መስኮት ግን አልኮል አታስነካው፤ ሊሰነጣጠቅ ይችላል። አንድ ነገር አደራ፦ ክፍሉ ይሙቅልኝ ብለህ የከሰል ምድጃ አጠገብህ አታስቀምጥ። የአልኮል ትነት እሳት ይስባል፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ደግሞ ሰው ይገድላል። መስኮት ከፈት አድርገህ፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ ሥራ።

እንደገና ስትረጭ በአልኮል ፋንታ በንጹሕ ውሃ ወይም ከቀለሙ ጋር በሚሸጠው ማቅጠኛ አቅጥን፤ ውፍረቱ ወተት ያህል ይሁን። ከዚያ ግሊሰሪን ጨምርበት፤ ፋርማሲ ውስጥ ለቆዳ የሚሸጠው ያው ግሊሰሪን ነው። ለ5 ሚሊ ሊትር ቅጥን ቀለም አንድ ጠብታ ብቻ። ግሊሰሪን ውሃን ይዞ ስለሚያቆይ ጠብታው እርጥብ ሆኖ ይደርሳል። ሁለትና ሦስት ጠብታ ካደረግህ ቀለሙ ለቀናት ይጣበቃል፤ በእጄ ደርሶብኛል።

የጎሚስታው ኮምፕረሰር ጎማ ለመንፋት የተዘጋጀ ስለሆነ ለአንተ ሥራ እጅግ ብዙ ነው። ግፊት መቀነሻ ከነመለኪያው አስገጥመህ ወደ 1 ወይም 1.5 ባር አውርደው፤ ከጋኑ ሥር የተጠራቀመውንም ውሃ አስቀድመህ አስወጣ። የጋራዥ መርጫ ቀዳዳዋ 1.3 ወይም 1.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ እኛም ከሃያ ሳንቲ ሜትር ላይ እንረጫለን። የአንተዋ 0.2 ወይም 0.3 ሚሊ ሜትር ናት። ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቅረብ። የሀሪኬን ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 12.19 ሜትር ነበር፤ ሞዴሉ ላይ 16.9 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ከእጅህ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ያን ያህል ነገር በቅርብ ነው የሚቀባው። ስትረጭ ዓይንህ የሚከተለው ቀለሙን ሳይሆን እርጥበቱን ይሁን፦ ያረፈበት ቦታ ለሁለት ሦስት ሰኮንድ ያህል መስኮቱን መልሶ ካሳየህ በኋላ መደብዘዝ አለበት። ሲያርፍ ጀምሮ ደብዛዛ ከሆነ አሁንም መንገድ ላይ እየደረቀ ነው፤ ቅረብ ወይም ግፊቱን ቀንስ።

ሰዓትም ምረጥ። ማለዳ ፕላስቲኩ ራሱ ይቀዘቅዛል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣል። እኔ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ እረጫለሁ፤ የቀለሙንም ጠርሙስ አስቀድሜ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቆመዋለሁ። ሸዋ ሮቢት ወርጄ የሠራሁ ጊዜ ይኸው ቀለም ሌላ ጠባይ አሳየኝ፤ በሙቀቱ የመርጫዋ አፍ ላይ እየደረቀ ይዘጋት ነበር። የአንድ ዞን ሁለት ከተሞች የአንድ ቀለም ሁለት አደራረቅ አላቸው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ሞክር። የዕቃዎቹ ማቀፊያ ፍሬም ለዚህ ይሆንሃል።

አሁን ወደጎደለህ ምልክት። እ.ኤ.አ. በ1940 በነበረው አቀባብ የእንግሊዝ ተዋጊዎች በክንፋቸው የላይኛው ገጽ ያለው ክብ ነጭ የለውም፤ ሰማያዊና ቀይ ብቻ ነው። ለአንተ ይህ መልካም ዜና ነው፤ በእጅህ ልትረጨው ትችላለህ። ቀዩ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ የሰማያዊው ሁለት አምስተኛ ነው። የቀኝ ክንፉን ዲካል ከነወረቀቱ በማስመሪያ ለካ፤ ሰማያዊው ለምሳሌ 15 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀዩ 6 ነው። በአንዱ የኮምፓስ እግር ላይ የምላጭ ስባሪ እሰርና ከወረቀት ፕላስተር ላይ ትልቁን ክብ፣ ከሌላ ቁራጭ ላይ ደግሞ በቀዩ ልክ ትንሿን ክብ ቁረጥ፤ ቀዳዳው ያለበትን ክንፉ ላይ ለጥፈህ ጠርዙን በጥፍርህ ተጫን። መሐሉን መጀመሪያ ፈዛዛ ግራጫ እርጭ፤ ቀይ በጥቁር አረንጓዴ ላይ ብቻውን አይደምቅም። ከግራጫው በኋላ ቀዩን እርጭ። ሲደርቅ ትንሿን የፕላስተር ክብ መሐሉ ላይ ለጥፈህ ሰማያዊውን እርጭ። ሁለቱንም ፕላስተር ስታነሣ የምታየው ነገር ከማንኛውም ዲካል ይበልጣል፤ ውፍረት የለውም፣ ጠርዝ የለውም። የቀኙንም ክንፍ በዚሁ ቀለም ሥራው፤ አንዱ ተረጭቶ አንዱ ከተለጠፈ ሰማያዊው አይመሳሰልም።

በጎን ያሉት ክቦች ቢጫ ቀለበትና ነጭ ስላላቸው እነሱን ለጥፋቸው። ከመለጠፍህ በፊት ግን አውሮፕላኑን በሙሉ አንጸባራቂ አክሪሊክ ቬርኒች አልብሰው፤ አንድ ቀን ይደር። ዲካሉን ለብ ባለ ውሃ አሥር ሰኮንድ ያህል ንከረው፣ አውጥተህ እርጥብ ጨርቅ ላይ አንድ ደቂቃ አቆየው፣ ቦታው ላይ ጠብታ ውሃ አድርገህ በብሩሽ ግፋው። ውሃውን በሶፍት ከመሐል ወደ ዳር ምጠጥ። ግራጫዎቹ ትላልቅ ፊደላት የሚያርፉት ጉብታዎቹ ላይ ስለሆነ እነሱ ይፈትኑሃል፤ ነጭ አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለህ በብሩሽ ቀባቸው። አቼቶ ሽፋኑን ስለሚያለሰልስ ጉብታውንና ጎድጓዳውን ተከትሎ ይወርዳል። ሲለሰልስ ይሸበሸባል፤ አትንካው፣ ሲደርቅ ራሱ ይወጠራል። መጀመሪያ የማያስፈልግህ ዲካል ላይ ሞክረው። አየር የቀረበት ካየህ በቀጭን መርፌ ጫፍ ሁለት ሦስት ቦታ ወጋ አድርገህ አንድ ጠብታ ጨምርበት።

የአብራሪውን መስኮት በሱፐር ግሉ እንዳትለጥፈው፤ ጭሱ ግልጹን ፕላስቲክ ነጭ ያደርገዋል። የአናጢ ነጭ ኮላ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ቀባበት፤ ሲደርቅ አይታይም፣ የተረፈውም በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል። እሱን ከመለጠፍህ በፊት ግን የዲካሎቹን ዙሪያ በእርጥብ ጨርቅ ጥረግና ደብዛዛውን የመጨረሻ ቬርኒች እርጭ፤ ማታ ውርጭ ሳይወርድ ከመስኮቱ አጠገብ አንሥተህ ካርቶን ድፋበት።