አዲሷ ኤሊያችን ምግብ አልቀምስ ብላለች፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አንዲት የየብስ ኤሊ ወደ ቤታችን ከመጣች ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። የሰጡን ሰው ያደገች ኤሊ እንደሆነች ነግረውናል። የምናኖራት በመስታወት የዓሣ ገንዳ ውስጥ ሲሆን፣ ከላይ ተራ አምፖል እናበራላታለን። ሰላጣ፣ ቲማቲምና ወተት የነካ ዳቦ ብናቀርብላትም አንዱንም አልቀመሰችም። አንገቷን ሰብስባ ቀኑን ሙሉ ጥግ ይዛ ትውላለች። ልጆቼ በጣም ስለሚወዷት እያወጡ ያቅፏታል። አፏን ከፍቼ ላጉርሳት ወይስ የሆድ ትል መድኃኒት ልስጣት?

መልስ፦ ጭንቀትዎ ስለሚገባኝ አጭሩን መልስ ላስቀድም። አፏን በግድ ከፍተው አያጉርሷት፤ ሐኪም መርምሮ ሳያዝም ምንም ዓይነት የትል መድኃኒት አይስጧት። ያደገች ጤነኛ ኤሊ ወደ አዲስ ቦታ ስትዛወር ለአንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ለሁለት ሳምንት ያህል ምግብ ባትነካ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሰውነቷ ለዚያ ያህል ጊዜ የሚበቃ ስንቅ አለው። ገና በቅርቡ የተፈለፈለች ብትሆን ኖሮ ግን ይህን ያህል እንዲታገሡ አልመክርዎትም ነበር፤ የትንንሾቹ ስንቅ ጥቂት ስለሆነና ውሃም ቶሎ ስለሚያጥራቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።

ከጻፉልኝ እንደተረዳሁት፣ ዋናው ችግር ያለው በምታቀርቡላት ምግብ ላይ ሳይሆን በምትኖርበት ቦታ ላይ ነው። ኤሊ እንደ ውሻ ወይም እንደ ድመት የሰውነቷን ሙቀት ከውስጥ አመንጭታ አትጠብቅም፤ ከፀሐይና ከሞቀ መሬት ትበደራለች። የበላችውን ቅጠል በአንጀቷ ውስጥ የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያንም በደንብ የሚሠሩት ሰውነቷ ሲሞቅ ስለሆነ፣ በቀዘቀዘ ሆድ ውስጥ የገባ ምግብ ሳይፈጭ ለብዙ ቀናት ተቀምጦ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ የበረዳት ኤሊ አልበላም ስትል ራሷን እየጠበቀች ነው ማለት ይቻላል። እኔም ኤሊዬ አልበላ አለች የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደሰጣት ሳይሆን የምትውልበት ቦታ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ነው፤ አብዛኞቹ ለክተው አያውቁም።

እርስዎም ዛሬውኑ በቴርሞሜትር ይለኩ። ቴርሞሜትሩን ግድግዳ ላይ ሳይሆን የኤሊዋ ጀርባ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ያድርጉት። ከአንደኛው ጫፍ፣ ከማሞቂያው መብራት ሥር፣ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ መሞቂያ ቦታ ሊኖራት ይገባል፤ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን ይስማማታል። ሁለቱም መኖራቸው ግድ ነው፤ ምክንያቱም ኤሊ ሙቀቷን የምትመጥነው ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው፣ ከቀዝቃዛው ወደ ሞቃቱ እየተመላለሰች ነው። የዓሣ ገንዳ ለዚህ አይመችም። ጠባብ ስለሆነ ወይ ሁሉም ይሞቃል ወይ ሁሉም ይቀዘቅዛል፤ በመስታወቱ ውስጥ የምታየውን ዓለም መድረስ የማትችል መሆኑንም ስለማትረዳ፣ ግድግዳውን እየገፋች ትደክማለች፤ አለበለዚያም እንደእርስዎ ኤሊ ተስፋ ቆርጣ ጥግ ትይዛለች። ሰፋ ያለ፣ ከላይ ክፍት የሆነ፣ ግድግዳው የማያሳይ የእንጨት ሣጥን ከማንኛውም ውድ ገንዳ ይሻላታል። ይሞቃታል ብለው ገንዳውን እንዳለ ፀሐይ ላይ እንዳያወጡት አጥብቄ አሳስብዎታለሁ፤ መስታወት ሙቀቱን አምቆ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊገድላት ይችላል።

ስለ መብራቱም አንድ ነገር ልጨምር። ተራው አምፖል ሙቀትና ብርሃን ቢሰጥም አልትራቫዮሌት ቢ የተባለውን ጨረር አይሰጥም። ኤሊ በቆዳዋ ቫይታሚን ዲ የምትሠራው በዚህ ጨረር ነው፤ ያለ ቫይታሚን ዲ ደግሞ የምትበላውን ካልሲየም መጠቀም አትችልም፤ እየቆየም አጥንቷና ቅርፊቷ ይልፈሰፈሳል። ለተሳቢ እንስሳት ተብሎ የተሠራውን የአልትራቫዮሌት መብራት ያግኙና በየቀኑ ከ12 እስከ 14 ለሚደርሱ ሰዓታት ያብሩላት፤ ሌሊት ግን ጨለማ ያስፈልጋታል። መብራቱ ለዓይን ደህና እየበራ ጨረሩ ሊደክም ስለሚችል እንደ ዓይነቱ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ መለወጥ አለበት። በመስኮት መስታወት በኩል የምትገባ ፀሐይ ይህን መብራት አትተካም፤ መስታወቱ ጨረሩን ያስቀረዋል። ጥላ ባለበት አጥር ግቢ ውስጥ በቀጥታ የምታገኘው ፀሐይ ግን ከሁሉ የተሻለ ነው።

ልጆችዎ የሚያቅፏት በፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም። ለኤሊ ግን ከመሬት መነሣት ማለት በአዳኝ እጅ መውደቅ ነው፤ አንገቷን ሰብስባ የምትቆየውም በከፊል ለዚህ ይመስለኛል። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ ውሃ ውስጥ ከማስቀመጥና ከመመዘን በቀር ማንም አያንሳት። ሙሉ በሙሉ ገብታ የምትደበቅበት ጨለማ ሣጥን ወይም የተገለበጠ ግማሽ ሸክላ ያስገቡላት፤ መሬቱንም ቆፍራ ልትገባበት በምትችል ለስላሳ አፈር ይሸፍኑት። ብዙ ሰዎች ትደበቃለች ብለው መደበቂያውን ያነሡባታል፤ ሆኖም መሸሸጊያ እንዳላት ያወቀች ኤሊ ቶሎ ደፍራ ትወጣለች። ቤት ውስጥ ሌላ ኤሊ ካለ ደግሞ አያቀላቅሏቸው፤ በሽታ መተላለፉ ብቻ ሳይሆን የአንዷ መኖር ሌላዋን ከምግብ ሊያስቀራት ይችላል።

ከሙቀት ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ ነው፤ ብዙ ሰዎችም የሚዘነጉት ይህንኑ ነው። በጉዞና በድንጋጤ ውሃ ያጠራት ኤሊ ምግብ ቢቀርብላትም አትበላም። በየማለዳው ለብ ያለ፣ 30 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ ያድርጉ፤ ጥልቀቱ ከአገጯ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፤ ከዚያም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጡ ያስቀምጧት። ከአጠገቧ ግን አይራቁ። ብዙዎቹ አንገታቸውን ዘርግተው ይጠጣሉ፤ ሽንትና ዓይነ ምድርም የሚያስወግዱት ብዙውን ጊዜ በዚሁ ጊዜ ነው። ከሽንቷ ጋር የሚወጣው ነጭ ነገር እንደ እርጎ ለስላሳ ከሆነ መልካም ነው፤ እንደ አሸዋ የሚሻክር ወይም እንደ ጠመኔ የደረቀ ከሆነ ግን ውሃ አጥሯታል ማለት ነው። ይህን ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ያድርጉ፤ ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይበቃል።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። ወተትና ዳቦውን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፤ የኤሊ አንጀት የወተትን ስኳር ለማብላላት አልተሠራም፣ ዳቦውም ሆዷ ውስጥ ይቦካል። ሰላጣው አይጎዳትም፤ ነገር ግን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ብቻውን አያኖራትም። በሣር ምድር የሚኖሩ ኤሊዎች ምግባቸው ሣርና የዱር ቅጠላ ቅጠል ነው፤ ስለዚህ ፀረ ተባይ ያልተረጨበት ለጋ ሣር፣ የወይን ቅጠል፣ የሂቢስከስ ቅጠልና አበባ፣ እንዲሁም እሾኹ የተወገደ የበለስ ቅጠል ያቅርቡላት። በለስ ስል ፍሬው የሚበላውን ማለቴ ነው፤ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ቁልቋል መርዛማ ስለሆነ እንዳይሳሳቱ። አቮካዶም ለኤሊ አይሰጥም። ስፒናች አዘውትራ እንዳትበላ ይጠንቀቁ፤ በውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን አስሮ ያስቀርባታል። ፍራፍሬ ሆዷን የሚረብሸው ከሣር በል ዝርያዎች ከሆነች ነው፤ እንደ ቀይ እግር ኤሊ ያሉት የደን ዝርያዎች ግን በተፈጥሯቸው ይበሉታል። ስለዚህ ዝርያዋን በትክክል ማወቅዎ ከሁሉ ይበልጥ ያግዝዎታል።

የምታቀርቡበት ሰዓትም ለውጥ ያመጣል። መብራቱ ከበራ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከሞቀች በኋላና ውሃ ውስጥ ቆይታ ስትወጣ ምግቡን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡና ይራቁ፤ አጠገቧ ቆሞ መጠበቅ ያስፈራታል። ኤሊዎች ቀይና ቢጫ ቀለም ስለሚስባቸው በቅጠሉ ላይ አንድ ሁለት የአበባ ቅጠል መነስነስ ይረዳል። ዓይንና አፍንጫ ለኤሊ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆኑ የሚያሳየው በሴንት ሄሌና ደሴት ያለው የጆናታን ታሪክ ነው። ይህ ግዙፍ ኤሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882 ወደ ደሴቲቱ ሲወሰድ ያደገ ነበር፤ በእርጅናው ዓይኑ በሞራ ተጋርዶ፣ የማሽተት ኃይሉም ጠፍቶ ሣር መለየት ተስኖት ነበር። የእንስሳት ሐኪም አትክልትና ፍራፍሬ በእጁ ያጎርሰው ጀመርና የደከመው አፉ ዳግመኛ ጠነከረ። እርሱ ግን ወደ አፉ የቀረበለትን ራሱ ፈቅዶ ይነክስ ነበር። የእርስዎም ኤሊ እንዲህ ካደረገች በእጅዎ ሊሰጧት ይችላሉ፤ መንጋጋዋን ፈልቅቆ መክፈት ግን አፏን ይጎዳል፤ ምግቡም በመተንፈሻዋ ሊገባ ይችላል።

ስለ ትል መድኃኒቱ ጠንከር ብዬ የተናገርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ለከብትና ለውሻ የሚሰጠው አይቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት ኤሊን ሽባ አድርጎ ይገድላል፤ መጠኑን ቀንሶ መስጠትም አያድናትም። ትል መኖሩና መጠኑ የሚታወቀው ዓይነ ምድሯ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው፤ ጥቂት ትል በአንጀታቸው እያለ በጤና የሚኖሩ ኤሊዎችም ብዙ ናቸው።

ምናልባት የብርድ ወራት እንቅልፏ ይሆን የሚል ሐሳብም ሊመጣብዎ ይችላል። አንዳንድ የቀዝቃዛ አገር ዝርያዎች በእርግጥ ለወራት ይተኛሉ፤ የሞቃት አገር ዝርያዎች ግን አይተኙም። ጤንነቷ ሳይረጋገጥ፣ ሆዷም ባዶ ሆኖ ወደ እንቅልፍ እንድትገባ መተው ስለማይገባ፣ ለዚህ የመጀመሪያ ዓመት ሙቀቷን እየጠበቁ እንድትነቃ ያድርጉ።

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ከመግባቷ በፊት፣ በግራም በሚለካ ሚዛን መዝነው ይጻፉ። ይህን ሥራ ለልጆችዎ ቢሰጧቸው ከማቀፍ የተሻለ ቅርርብ ይሆንላቸዋል። ሆኖም በነኳት ቁጥር እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጤነኛ የምትመስል ኤሊ እንኳ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ልትሸከም ስለምትችል፣ ውሃዋንም ምግብ በሚዘጋጅበት ቦታ አይድፉት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚያንስ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ የከለከለው ሕፃናት በዚሁ ባክቴሪያ ይታመሙ ስለነበር ነው። ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለዎት ጨርሶ ባይነካት ይመረጣል።

ሙቀቱን፣ ውሃውንና ጸጥታውን ካስተካከሉ በኋላ ሌላ ሁለት ሳምንት ሳትበላ ካለፈ፣ ወይም ክብደቷ በአሥር በመቶ ከቀነሰ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። ከአፍንጫዋ ፈሳሽ ወይም አረፋ ከወጣ፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ፣ ዓይኗ ካበጠ ወይም ከጎደጎደ፣ በአፏ ውስጥ እንደ አይብ ያለ ቢጫ ነገር ከታየ፣ ቅርፊቷ ሲነካ ከለሰለሰ፣ ወይም ያለማቋረጥ እየቆፈረች የምትቅበጠበጥ ከሆነ ግን አንድ ቀንም አይጠብቁ፤ ይህ የመቆፈር ምልክት ሴት ኤሊ እንቁላል መጣል እንደተሳናት ሊያሳይ ይችላል። ሲሄዱ ትኩስ ዓይነ ምድሯን በንጹሕ ዕቃ፣ የመዘኑበትን ወረቀት፣ እንዲሁም የመኖሪያዋንና የመብራቷን ፎቶግራፍ ይዘው ይሂዱ፤ መንገድ ላይም እንዳይበርዳት በጨርቅ በተደለደለ ዝግ ካርቶን ውስጥ ያድርጓት።