ውሾቻችን በአጨዳ ወራት፦ ከአንባቢያን የደረሱን ጥያቄዎች

ክረምቱ ወጥቶ አጨዳው ሲቃረብ ስለ ውሾች የሚደርሱን ጥያቄዎች ይበረክታሉ፤ ዛሬ ለአራቱ መልስ እንሰጣለን።

ጥያቄ (ከኩታበር)፦ ጎረቤታችን በጎተራው ዙሪያ የአይጥ መርዝ አድርጓል። ውሻችን ቢበላው ወተት መስጠት ያድነዋል?

መልስ፦ ወተቱን ይተዉት። ለአይጥ ማጥፊያ ከሚውሉት አንዱ የሆነው ጥቁር ግራጫ ዱቄት፣ ዚንክ ፎስፋይድ፣ የሚገድለው ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ስለሚፈጥር ነው፤ ወተትም ሆነ እንጀራ ጨጓራው ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ በማድረግ ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። ለነቀዝ የሚደረገው የፎስቶክሲን እንክብልም የሚለቀው ይህንኑ ጋዝ ነው። ስለዚህ ምንም ሳያቀምሱ፣ የመርዙን መያዣ ይዘው፣ በፍጥነት ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። ውሻው ቤት ውስጥ ካስመለሰ ከትውከቱ የሚወጣው ጋዝ ሰውንም ስለሚመርዝ በርና መስኮት ከፍተው ልጆችን ያርቁ። የሞተ አይጥም በሆዱ ያልተፈጨ መርዝ ሊይዝ ስለሚችል ጎረቤትዎ በየማለዳው ለቅሞ በጥልቀት ይቅበር። መርዙን ያስቀመጠው ሳይነግርዎ ከሆነ ግን፣ ለውሻው ብቻ ሳይሆን ለልጆቹም ሲባል፣ ቅሬታዎን ቢያሰሙት አይከፋም።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ውሻዬ ከአውድማ ከተመለሰ ጀምሮ ራሱን ያራግፋል፤ አንድ ጆሮውንም ያዘነብላል።

መልስ፦ በገብስ ራስ ላይ ያለው ሹል ጸጉር ጆሮው ውስጥ ሳይገባ አልቀረም። ይህ ጸጉር ጥቃቅን ጥርስ ስላለው ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም፤ በክብሪት እንጨት መጎርጎርም ይብሱን ወደ ታምቡሩ ይገፋዋል። ሐኪም በመሣሪያ ያውጣው። ከአውድማ በተመለሰ ቁጥር የጣቶቹን መሐል ፈልቅቀው ይመልከቱ፤ እብጠትና መግል የሚያፈስ ትንሽ ቀዳዳ ካዩ ጉዳዩ ያው ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ለመስቀል ያረድነው በግ ጉበት ላይ ውኃ የቋጠሩ እባጮች ስላየን ለውሻው ሰጠነው። ይጎዳዋል?

መልስ፦ ውሻው ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፤ የሚያሰጋው ለእናንተ ነው። እባጩ የትል እጭ ሊሆን ይችላል፤ ትሉ በውሻው አንጀት አድጎ ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ በእጅና ባልታጠበ አትክልት በኩልም ወደ ሰው ገብቶ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት የሚያድግ እባጭ ይፈጥራል። ትሉ ዕንቁላል መጣል ሳይጀምር፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ፣ ሐኪም ፕራዚኳንቴል ይስጠው። ለወደፊቱ እንዲህ ያለውን ጉበትና ሳንባ ያቃጥሉት፣ ወይም ውሻና ጅብ ቆፍሮ ሊያወጣው በማይችል ጉድጓድ ይቅበሩት።

ጥያቄ (ከላስታ)፦ የበግ ጠባቂ ውሻችን ከቀይ ቀበሮ ጋር ሲናከስ ታየ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሁለቱም ለእብድ ውሻ በሽታ የተጋለጡ ስለሆኑ ውሻውን አስረው ለሐኪም ያሳዩ፤ ቁስሉን ባዶ እጅዎን አይንኩ። ክትባቱ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይደገማል። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚኖረው ይህ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ በመሆኑና በሽታውም ከውሾች ስለሚተላለፍበት፣ ክትባቱ ለእሱም ጭምር ነው። ሰው ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልምና።