ጥያቄና መልስ፦ ጨጓራዬን አስቆርጬ እንዴት ልጹም?

ጥያቄ፦ «መምህር፥ እንደምን አሉ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ኅዳር ላይ ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና አደረግሁ፤ ጨጓራዬን ቆርጠው እንደ ቱቦ አጥብበውታል። አሁን በአንድ ጊዜ የምበላው አንድ የቡና ስኒ አይሞላም። ውኃም የምጠጣው በጉንጭ በጉንጭ ነው። ሐኪሞቹ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሻል ይሉኛል፤ የምጠጣው የፕሮቲን ዱቄት ደግሞ ከወተት የተሠራ ነው። ዐቢይ ጾም ደረሰብኝ። ጓደኞቼ ‹አንቺ እኮ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነሽ፤ ምን አስጨነቀሽ› ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ‹ለሆድሽ ብለሽ ተቀደድሽ፤ አሁን ጾም ልትገድፊ ነው?› ትለኛለች። ረሃብ ራሱ ብዙም አይሰማኝም። ሳልራብ የጾምኩት ይቆጠርልኛል? 18 ሰዓት ያለ ውኃ መቆየት ስለፈራሁ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ አልቆረብኩም። ፀጉሬም እየረገፈ ነው፤ ቅጣት ይሆን? ቫይታሚኖቼንስ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መዋጥ እችላለሁ?»

መልስ፦ እኅቴ፥ እንኳን እግዚአብሔር ከሐኪም ቤት በሰላም አወጣሽ።

ቀለል የሚሉትን ላስቀድም። የፀጉርሽ መርገፍ ቅጣት አይደለም። ክብደት በፍጥነት ሲወርድና ፕሮቲን ሲያንስ ፀጉር ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ይረግፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ይህን ሕክምና ካንቺ በፊት ያደረጉትን ጠይቂያቸው፤ ማበጠሪያቸው ላይ የቀረውን ፀጉር ያዩ ብዙዎች ናቸው። ቀዶ ሕክምናውም ኃጢአት አይደለም። ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪሙን የፈጠረው፥ መድኃኒቱንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው ይላል። እናትሽ የተናገሩት ደንግጠው ነው። ልጅ ያህል ነገር ተኝታ ሆዷ ተከፈተ ሲባል እናት የምትለው ይጠፋታል። ቢሆንም ወፍራሙን ሁሉ ሆዳም ማለት ልክ አይደለም። እንደ ወፍጮ ሲፈጭ ውሎ የማይወፍር ስንት ሆዳም አለ መሰለሽ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጓደኞችሽ «ሁልጊዜ ጾመኛ ነሽ» አሉሽ፤ እናትሽ «ልትገድፊ ነው» አሉሽ። የሚቃረኑ ይመስላል። የተሳሳቱት ግን በአንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም ጾምን የለኩት በሆድ ነው። ሆዱ ባዶ ከሆነ ጾሟል፥ እህል ከገባበት ገድፏል።

ይህን አስተሳሰብ ባስተማርኩበት ሁሉ አግኝቼዋለሁ። ስኳር ያለበት ሰው ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ደብቆ ሲጾም አይቻለሁ። ነፍሰ ጡር እኅት ከደጀ ሰላም አጠገብ ዞሮባት ስትወድቅ አንስተናታል፤ ስትነቃ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ውኃ አጠጣችሁኝ እንዴ?» ነበር፥ በቁጣ። በሌላ በኩል ደግሞ ዐቢይ ጾምን እንደ ስፖርት ቤት የሚጠብቅ ወንድም አለ፤ 55 ቀኑን ቦርጩን በመለካት ይጨርሰዋል። ሲከሳ ጾሙ የሠመረለት ይመስለዋል።

የመጀመሪያው የጾም ትእዛዝ የተሰጠው ለአዳም ነው፤ ከዚያች ዛፍ አትብላ ተባለ። ዛፏ በአጥር አልታጠረችም። ፍሬዋም ለዓይን የምታስጎመጅ ነበረች። እጁን ቢዘረጋ ይደርስባታል፤ ደረሰባትም። የማይደርስባት ወይም የማትዋጥ ብትሆን ኖሮ የመታዘዝ ነገር ከየት ይመጣ ነበር? ጾም እንግዲህ መብላት እየቻልሽ፥ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ በፈቃድሽ የምትተዪው ነው።

አንቺ እንጀራ በሁለተኛው ጉርሻ ደረትሽ ላይ ሲቆምብሽ የምትተዪው ወደሽ አይደለም። ያ የሐኪም ስፌት ነው። ረሃብ አለመሰማትሽም እንዲሁ ነው። ረሃብን ለአእምሮ የሚናገረው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ተቆርጦ ከወጣው የጨጓራ ክፍል ስለሆነ፥ ምልክቱ ቀንሷል። ስለዚህ ጓደኞችሽን «አይ፥ እኔ ገና ጾም አልጀመርኩም» በያቸው። ለእናትሽም፥ ቀስ ብለሽ፥ ሐኪም ያዘዘውን መውሰድ ጾም መግደፍ እንዳልሆነ ንገሪያቸው። ሆድሽ እምቢ ያለውን እንደ ጽድቅ አትቁጠሪው፤ ሰውነትሽ የግድ የሚፈልገውንም እንደ ኃጢአት አትቁጠሪብኝ።

«ታዲያ የኔ ጾም የቱ ጋ ነው?» ትዪ ይሆናል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህን ሕክምና ያደረጉ ምእመናን ስለሚነግሩኝ ነገር ነው።

አዲሱ ጨጓራ ሥጋ ያስቸግረዋል። ዳቦና እንጀራ በደንብ ካልተላመጠ እንደ ሊጥ ሆኖ ይዘጋበታል። አይስክሬም ግን ቀልጦ ይወርዳል። ቸኮላትም ይወርዳል፤ ስኳር የበዛበት ሻይም ይወርዳል። እንዲያውም ቶሎ ስለሚያልፍ ደጋግሞ መውሰድ ይቻላል። ሐኪሙ ለዚህ መቀስ የለውም። ማታ ከሥራ ገብተሽ፥ ቤቱ ጭር ብሎ፥ አገር ቤት ደውለሽ ማንም ሳያነሣ ሲቀር ማቀዝቀዣውን የምትከፍቺው ርቦሽ አይደለም፤ ረሃብ እንደማይሰማሽ ራስሽ ጽፈሽልኛል። ድሮም በዚያ ሰዓት የምትበዪው ርቦሽ አልነበረ ይሆናል። ጨጓራሽ ተቆርጧል እንጂ ያ ናፍቆትና ብቸኝነት አልተቆረጠም። አንዳንዱ ምግቡን ሲያጣ ወደ መጠጥ ይዞራል፤ ጨጓራው ጠብቦ ደግሞ መጠጡ ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፥ ቶሎ ያሰክራል። አንዳንዱ ሌሊቱን ሙሉ ስልኩ ላይ ዕቃ ሲገዛ ያድራል።

ጾምሽ እዚያ ማቀዝቀዣ በር ላይ ነው። የሚዋጥልሽን፥ ማንም የማያይብሽን፥ ሐኪሙም ስፌቱም የማይከለክልሽን ጣፋጭ ስለ ክርስቶስ ብለሽ ስትተዪ ጾምሽ፤ ይቆጠርልኛል ወይ ብለሽ አትጠራጠሪ። በነገራችን ላይ ይህ ለጤነኞቹም ነው። «ወተት የለበትም» የሚለውን ጽሑፍ አንብቦ አንድ ፓኮ የጾም ብስኩት በአንድ መቀመጫ የሚጨርስ ሰው ከጾም ምግብ አልወጣም። ጾመ ለማለት ግን አፌ አይታዘዝልኝም።

የወተቱን ዱቄት በተመለከተ እስቲ እንቁጠር። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ያንቺ ስኒ ከዚያ ያንሳል። በቀን ስድስት ጊዜ ብትበዪ እንኳ 60 አይሞላም፤ ሽሮውም ከዚህ አያልፍም። ስለዚህ ዱቄቱ ላንቺ ቅንጦት አይደለም። ከአተርና ከአኩሪ አተር የሚሠራ የጾም ዱቄት ስላለ መጀመሪያ የምግብ ባለሙያሽን ስለሱ ጠይቂ። ከተስማማሽ እሰየው፥ ነገሩ አለቀ። ካልተስማማሽ ግን የወተቱን እንደ መድኃኒት ትወስጂዋለሽ፤ በንስሐ አባትሽ ፈቃድ። ጾምን አጥብቆ የሚያዝዘው የሐዋርያት ቀኖና ራሱ የታመመውን ለይቶ ያወጣዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን «ስለ ሆድህና ስለ በሽታህ ብዛት» ውኃ ብቻ መጠጣቱን ትቶ ጥቂት ወይን እንዲወስድ አዝዞታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ጳጳስ ነው እኮ የታዘዘው! ጳውሎስ ስለ ሰው ሆድ ለመጻፍ አላፈረም፤ አንቺም ስለ ሆድሽ ለአባትሽ ለመናገር አትፈሪ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱም እንዲሁ ነው። ሌላው ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠጥቶ፥ አንድ እንጀራ በልቶ የቀኑን ይመልሳል። አንቺ አትችይም። በቀን የሚያስፈልግሽን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ውኃ በጉንጭ በጉንጭ ስትጠጪ ነው የምትውዪው፤ ያውም ከምግብ ጋር ሳይሆን ግማሽ ሰዓት እየራቅሽ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብትጀምሪ ሌሊቱ ይመጣብሻል። ይህ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ወደ ሆስፒታል ከሚመለሱት ሰዎች ብዙዎቹን የሚመልሳቸው የውኃ እጥረት ነው። ኤልያስ ደክሞት ከክትክታው ዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ አበላው፤ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የሄደው ከዚያ በኋላ ነው (1ኛ ነገ. 19)። ሰዓቱ የሚተውልሽ ከሆነ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነሺና ጸልዪ። ከዳዊት የዕለቱን ድገሚ። ከሥጋና ከቅቤ ራቂ፤ ለዚያ ምንም አያግድሽም። በዚህ ጾም ለምግብ የማታወጪውንም ገንዘብ ለሚርበው ስጪ።

አሁን ቆጣ ልበል። ይህን ሁሉ ስጽፍ ጾም እየፈታሁልሽ አይደለም። አንቺም ለራስሽ አትፍቺ። ብዙ ሰው የንስሐ አባቱን ፈቃድ መጠየቅ እንደ ሽንፈት ስለሚያየው ወይ ተደብቆ ይበላል ወይ ተደብቆ ይጾማል፤ ሁለቱም ያው መደበቅ ነው። የምግብ ባለሙያዋ የጻፈችልሽን ወረቀት ይዘሽ ዘወረደ፥ የጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት፥ ሳይገባ አባ ዘንድ ሂጂ። «ጨጓራ አለብኝ» ብለሽ ብቻ አትመለሺ፤ እንደ ማንኛችንም ያቃጥላት ይሆናል ብለው ያልፉታል። ተቆርጦ እንደወጣ፥ ምን ያህል እንደሚይዝ በስኒ አሳዪአቸው።

ስለ ቁርባን የጻፍሽው ግን ከሁሉ በላይ አሳዘነኝ። ጠይቀሽ ተከልክለሽ ሳይሆን ፈርተሽ ቀረሽ። ቤተ ክርስቲያን ታማሚን ከሥጋ ወደሙ አታርቅም። 18ቱን ሰዓት ሰውነትሽ ይችለው እንደሆነ ሐኪምሽ ይንገርሽ፤ ካልቻለ እንዴት እንደሚደረግ የሚወስኑት የንስሐ አባትሽ ናቸው። በዐቢይ ጾም የአዘቦት ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን፥ ጠዋት ላይ በሚያልቀው በቅዳሜና በእሑድ ቅዳሴ መቁረብ ሊቀልልሽ ይችላል።

ጠበል ስትሄጂም በጆግ ቀድተው «ጨርሺው፥ ይውጣልሽ» የሚሉሽን አትስሚ። አንድ ጉንጭ በእምነት ከጠጣሽ በረከቱ አይጎድልም። ዝክር ላይ ደግሞ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያለች እጇን አፍሽ ድረስ የምታመጣ እናት አትጠፋም። የሰው እጅ የጠቀለለው ጉርሻ ላንቺ የአንድ ምሳ ግማሽ ነው፤ ሳታላምጪ በይሉኝታ ዋጥሽው ማለት ከአምስት ደቂቃ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ታስመልሺዋለሽ። እጇን ያዢ፥ ሳሚላትና «እማማ፥ ሐኪም ከልክሎኛል፤ ይመርቁኝ» በያት። ምርቃቱን አትነፍግሽም። ትውከቱ ከደጋገመሽ ለሐኪምሽ ሳትደውዪ አትደሪ፤ ትውከት ሲበዛ ቫይታሚን ቢ 1 ያልቅና ነርቭን ይጎዳል።

ቫይታሚኖቹ መድኃኒት ናቸው፤ ሰዓታቸው ሲደርስ በውኃ ዋጪ። ብረቱና ካልሲየሙ በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ልዩነት ስለሚፈልጉ፥ ሁሉንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አጠራቅመሽ በአንድ ጊዜ እንዳትወስጂ።