ክብሪት የማርን ንጽሕና ይለያል?

ጥያቄ፦ በቲክቶክ የሚዘዋወር ቪዲዮ «ማር ውስጥ የተነከረ ክብሪት ሲጫር ከነደደ ማሩ ንጹሕ ነው፤ ከረጋ ግን ስኳር ገብቶበታል» ይላል። እኔ የገዛሁት ማር ክብሪቱን አላጠፋውም፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን ነጣ ብሎ ረጋ። የትኛውን ልመን? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱንም አይመኑ። ክብሪቱ የሚናገረው ራሱ መራሱን ወይም አለመራሱን ብቻ ነው። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ በኮዴክስ መሠረት ማር ውስጥ ያለው ውሃ በጥቅሉ ከመቶ 20 እጅ መብለጥ የለበትም። ስኳር በጥብጦ እስኪወፍር ያፈላ ሰውም እዚያው ልክ ላይ ይደርሳል፤ ክብሪቱም ይነድለታል። «ውሃ ውስጥ ሲጨመር ሳይበተን ከሰመጠ ንጹሕ ነው» የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ወፍራም የስኳር ሽሮፕ ከውሃ ስለሚከብድ ይሰምጣል።

መርጋቱን በተመለከተ፣ ግሉኮስ የሚባለው የስኳር ዓይነት የበዛበት ማር ቶሎ ይረጋል፤ ፍሩክቶስ የሚባለው የበዛበት ይዘገያል። ይህን የሚወስነው ንቧ የቀሰመችው አበባ ነው። የትግራይ ነጭ ማር በተፈጥሮው የሚረጋ ነው። ቅዝቃዜም ያፋጥነዋል፣ በተለይ 14 ዲግሪ አካባቢ። ዕቃውን ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቢያቆዩት ይቀልጣል። ግን ልብ ይበሉ፦ ስኳር የተቀላቀለበት ማርም ሊረጋ ስለሚችል መርጋት የንጽሕና ማስረጃም አይደለም።

ከእኛ ቃል ይልቅ ሙከራውን ራሱን ይሞክሩት። 200 ግራም ስኳር በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙተው እንደ ማር እስኪወፍር ያፍሉና ያቀዝቅዙ። ሞቅ እያለ ከቀላቀሉት ይቀጥንና ልዩነቱ በዓይን ይታወቃል፤ ያኔ ሙከራው ተበላሸ። ከነሰፈፉ ገዝተው ያጠለሉትን ማር በ4 ሲኒ ያድርጉ፤ በሌላ 4 ሲኒ ደግሞ ማርና ሽሮፕ እኩል ለእኩል። የሲኒዎቹን ቁጥር የሚጽፈው ሰው ከክፍሉ ይውጣ፤ ፊቱ መልሱን ሊያሳብቅ ይችላልና። ከዚያ ክብሪት የሚጭረው ሰው ንጹሖቹን 4 ይምረጥ። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በ1935 «ሻይ ወይስ ወተት ቀድሞ እንደተቀዳ በጣዕም እለያለሁ» ያለችን ሴት በ8 ሲኒ እንዴት መፈተን እንደሚቻል ያስረዳው በዚሁ መንገድ ነበር። በግምት ብቻ አራቱንም ማግኘት ከ70 አንድ ዕድል ነው። «ሦስቱን አገኘሁ» ብሎ መደሰት ግን አይገባም፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ማግኘት በግምትም ቢሆን ከአራት ጊዜ አንዱን ያህል ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቪዲዮው ሥር ያ ሁሉ ሰው «ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» የሚለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ያዩት ክብሪቱ ሲነድ ነው፤ ማሩ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አስቀድሞ የሚያውቅ አልነበረም። ስኳር የገባበት ማር ላይ ስንቴ እንደነደደ ያልቆጠረ ሰው «ይሠራል» ሊል አይችልም። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲደርስዎት፣ ከማጋራትዎ በፊት «ነገሩ ሐሰት ቢሆን ኖሮ የማየው ይለወጥ ነበር?» ብለው ይጠይቁ።

የሸንኮራ አገዳና የበቆሎ ስኳርን በትክክል የሚለየው በቤተ ሙከራ የሚደረግ የካርቦን አይሶቶፕ ምርመራ (ክብደታቸው የተለያየ የካርቦን አቶሞችን መጠን የሚያነጻጽር) ነው፤ እነዚህ ተክሎች ካርቦንን የሚይዙበት መንገድ ንብ ከምትቀስማቸው ከአብዛኞቹ አበቦች ይለያልና። የሩዝ ሽሮፕና የስኳር ቢት (ስኳር የሚወጣበት የቀይ ሥር ዓይነት) ሽሮፕ ግን ይህንንም ምርመራ ያልፋል። ስለዚህ ለቤትዎ የሚሻለው ከሚያውቁት ንብ አናቢ፣ በቆረጣ ወቅት፣ ከነሰፈፉ መግዛት ነው።